የምንጊዜም ምርጥ የሮክ አልበም የቱ ነው? አምስት ደርድሩ፣ ምክንያታችሁን አምጡ

ባለሸክላው

ሰላም ቤተሰብ። ይህ ክርክር በየቦታው ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን በጩኸት ነው የሚያልቀው። እስቲ እዚህ ምክንያት እየያዝን እንነጋገር።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ1965 እስከ 1980 የወጣ የሮክ አልበም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ አይገባም። የመድረክ ቅጂም ለሌላ ጊዜ። ከሁሉ በላይ ግን አልበሙን እንደ አልበም ዳኙት። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ በተደረደረበት ቅደም ተከተል፣ ሳይዘለል። ሁለት ጆሮ የሚይዙ ዘፈኖች ስላሉበት ብቻ አንድ አልበም ምርጥ አይሆንም።

የእኔ አንደኛ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው። የ1973 ሥራ። በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያልቃል። መሃሉ ላይ ጊዜ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሞት አለ፣ እብደት አለ። ዘፈኖቹ ተያይዘው ስለሚፈሱ አንዱን ነጥላችሁ ስታወጡት የሆነ ነገር ይጎድልበታል። ባንዱ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ሥራውን መድረክ ላይ ሲጫወተው ቆይቷል። ስለዚህ ሲቀዳ ጥሬ ሐሳብ አልነበረም።

በተለይ የሳይድ ኤን (የሸክላውን የመጀመሪያ ገጽ) መጨረሻ ልብ በሉ። ክሌር ቶሪ የምትባል ድምፃዊት አንድ እሑድ ወደ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ተጠራች። ግጥም የለም። ተጠንቶ የሚዘፈን ዜማም የለም። ስለ ሞት ነው፣ የሚሰማሽን አውጪ ተባለች። ያን ሁሉ ልቅሶ፣ ልመናና መረጋጋት ከራሷ አወጣችው። 30 ፓውንድ ተከፍሏት ሄደች። በ2004 ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ2005 በስምምነት ተቋጭቶ ከኪቦርዱ ተጫዋች ከሪቻርድ ራይት ጎን በድርሰቱ ስሟ ገባ። ይገባታል። ያለ እሷ ያ ዘፈን ጥሩ የፒያኖ ቁራጭ ብቻ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ የቢትልስ «ሪቮልቨር»፣ ሦስተኛ የሌድ ዜፕሊን አራተኛው አልበም፣ አራተኛ የጂሚ ሄንድሪክስ «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ»፣ አምስተኛ የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ»። በሉ እንግዲህ።

የጎተራው ድራመር

የሌድ ዜፕሊን አራተኛው ሦስተኛ? አልስማማም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመጨረሻውን ዘፈን፣ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ»ን፣ በጥሩ ስፒከር ሰምተኸዋል? የጆን ቦናም ከበሮ ሲገባ ክፍሉ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ያ ድምፅ በማሽን የተሠራ አይደለም። ባንዱ ሃምፕሻየር ውስጥ ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት ገብቶ ነበር። ስቱዲዮ አይደለም፣ ቤት ነው። የሮሊንግ ስቶንስን ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ውጭ አቁመዋል። ከበሮውን መግቢያው አዳራሽ ደረጃው ሥር አስቀመጡት። የድምፅ መሃንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክ ብቻ ከላይ ከደረጃው አንጠለጠለ። ከበሮው አጠገብ ማይክ የለም! ሌላው ሰው ለእያንዳንዱ ከበሮ ማይክ ሲደረድር እሱ ቤቱን ነው የቀዳው።

ከበሮ የሚጫወት ሰው ይገባዋል። ቦናም እዚያ ዘፈን ላይ ምንም የተወሳሰበ ነገር አይሠራም። ያው ምት ነው ከዳር እስከ ዳር። ግን እያንዳንዱ ምት ከሚጠበቅበት በፀጉር ስንጥቅ ዘግየት ብሎ ነው የሚወድቀው። እሱን ለማስመሰል ስንት ሰው ደከመ! በኋላ የራፕ አቀናባሪዎች ያንን ከበሮ እየቆረጡ የወሰዱት በከንቱ አይደለም።

አልበሙ ደግሞ ርዕስ የለውም። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም የለም። ኩባንያው ይህ ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ሲቃወም ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ እምቢ አለ። ሙዚቃው ራሱ ይናገር ማለት ነው። ተናገረም። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» አሜሪካ ውስጥ በነጠላ ዜማ አልተለቀቀም፤ የፈለገ አልበሙን ይግዛ ተባለ፣ ሰውም ገዛ።

አንደኛዬ እሱ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም እሱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የድሮ ሰው

ልጆች፣ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» አምስቱ ውስጥ አለመግባቱ አስገርሞኛል።

እኔ ይህን ሙዚቃ የሰማሁት አስመራ ሆኜ በቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ በኩል ነው። አሜሪካኖቹ ለወታደሮቻቸው የሚያሰሙትን እኛም እንሰማ ነበር። ያኔ የሮክ አልበም ማለት ሁለት የታወቀ ዘፈን፣ ቀሪው ማሟያ ነበር። አልበም ማለት አንድ ሥራ ነው የሚለው የባለሸክላው ደንብ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? በ1967 ከዚህ አልበም በኋላ ነው ሕግ የሆነው። ግጥሞቹ በሙሉ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ታትመው ወጡ። ሮክ የዓመቱን ምርጥ አልበም የግራሚ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በእሱ ነው።

ቢትልስ በነሐሴ 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ደክሟቸው ነበር። ሕዝቡ ስለሚጮህ የራሳቸውን ድምፅ እንኳ መስማት አልቻሉም። ከዚያ መድረኩን ትተው ስቱዲዮ ገቡ። በአራት ትራክ ማሽን (አራት የድምፅ መስመር ብቻ ባለው) ነው የሠሩት። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ትራክ አለው።

የመጨረሻውን ዘፈን አስቡት። ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን 40 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች አስመጣ። ከመሣሪያችሁ ዝቅተኛ ድምፅ ተነስታችሁ በ24 ባር ውስጥ ወደ ከፍተኛው ውጡ፣ ጎረቤታችሁን አትከተሉ ተባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብሮ መጫወት የተማሩ ሰዎች ናቸው! መጨረሻ ላይ በብዙ ፒያኖዎች አንድ ኮርድ በአንድ ጊዜ ይመታል። ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ መሃንዲሶቹ የመቅጃውን ኃይል ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጋሉ። ከ40 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ስሙት፤ መጨረሻው አካባቢ የስቱዲዮው ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል።

አክብራችሁ አንደኛ አድርጉት።

ባለሸክላው

ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ሲሉ መከራከር ይከብዳል። ግን ልሞክር።

«ሳርጀንት ፔፐር» ያመጣውን ለውጥ አልክድም። ያኔ ያመጣው ለውጥና ዛሬ ሲሰማ የሚሰጠው ነገር ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች የአንድ ምናባዊ ባንድ ትርዒት እንደምናይ ቃል ይገቡልናል። ከዚያ ሐሳቡ ይጠፋል። መጨረሻው አካባቢ በአንዲት አጭር ዘፈን ብቻ ይመለሳል። በዚያ ላይ የዚያ ሰሞን ሁለቱ ምርጥ ሥራዎች፣ «ስትሮቤሪ ፊልድስ» እና «ፔኒ ሌን»፣ ቀድመው በነጠላ ዜማ ወጥተው ከአልበሙ ቀሩ። እነሱ ቢኖሩበት ኖሮ ይህ ክር ራሱ አያስፈልግም ነበር።

«ሪቮልቨር» ግን ከአንድ ዓመት በፊት ድንበሩን ሁሉ ጥሶት ነበር። ቢትልሶች አንድም መሣሪያ ሳይነኩ በስምንት ባለአውታሮች ብቻ የታጀበው «ኤሊኖር ሪግቢ» እዚያ ነው። የመዝጊያው ዘፈን ደግሞ ከሞላ ጎደል በአንድ ኮርድ ላይ ይቆማል። ጆን ሌነን ድምፁ ከተራራ አናት ላይ እንደሚሰበክ እንዲሆንለት ፈለገ። መሃንዲሱ ጄፍ ኤምሪክ ገና 20 ዓመቱ ነበር። የሌነንን ድምፅ በኦርጋን የሚሽከረከር ስፒከር ውስጥ አሳልፎ እንደገና ቀዳው። የሪንጎን ትልቁን ከበሮ ደግሞ የሱፍ ሹራብ ወትፎበት ማይኩን ጠጋ አደረገው። ማይክ ይበላሻል ተብሎ በስቱዲዮው ደንብ የተከለከለ ነገር ነበር።

የአዳማ ልጅ

የኢግልስ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የት ሄደ??? እዚህ አገር ጊታር የያዘ ሁሉ የሚጀምረው በእሱ አይደለም እንዴ

የጎተራው ድራመር

ዘፈኑ ነው አልበሙ? ዘፈኑን ማንም አይነካውም። የመጨረሻውን የሁለት ጊታር ምልልስ፣ ዶን ፌልደርና ጆ ዋልሽ እየተቀባበሉ የሚወጡትን፣ እኔም ከበሮ ትቼ ነው የምሰማው። ስቱዲዮ ሲገቡ ሌላ ነገር ሊሞክሩ ነበር። ዶን ሄንሊ አይሆንም፣ ፌልደር ቤቱ በካሴት ቀድቶ የሰጠን ይበልጣል አለ። ካሴቱ ሎስ አንጀለስ፣ እነሱ ማያሚ። ፌልደር ቤት ደውሎ የቤት ሠራተኛውን ካሴቱን አጫውቺና ስልኩን ጠጋ አድርጊው አላት። ከዚያ የራሱን ሶሎ በስልክ እየሰማ አጠና።

ግን የባለሸክላውን ደንብ አስታውስ። ሳይድ ቢን ሳትዘል ጨርሰኸዋል?

የአዳማ ልጅ

ጨርሻለሁ። «ዘ ላስት ሪዞርት» የሚዘጋው በከንቱ መሰለህ? ሰው ወደ ምዕራብ ሄዶ ሄዶ ያገኘውን ገነት ራሱ ሲያበላሸው ነው ታሪኩ። ከመጀመሪያው ዘፈን ጋር ገጥመህ ስማው፣ መግቢያና መውጫ ናቸው። እንደ አልበም ዳኙ ካላችሁ እንዲህ ያለ አልበም ነው የምትፈልጉት።

ቤዟ

ወንዶቹ ሁላችሁም ስለ መቅጃ ማሽን ስታወሩ ስለ ሰው ማውራት ረሳችሁ። የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» 1977። የእኔ አንደኛ።

እስቲ ሁኔታውን አስቡት። ባንዱ ውስጥ አምስት ሰው አለ። ጆን እና ክሪስቲን ማክቪ ባልና ሚስት ነበሩ፣ እየተፋቱ ነው። ሊንዚ በኪንግሃም እና ስቲቪ ኒክስ ፍቅረኛሞች ነበሩ፣ ተለያይተዋል። የከበሮው ሚክ ፍሊትውድም ትዳሩ እየፈረሰ ነው። እነዚህ ሰዎች ሳውሳሊቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ መስኮት የሌለው ስቱዲዮ ገብተው እርስ በርስ ስለ መለያየታቸው ይዘፍናሉ። ሊንዚ ስለ ስቲቪ የሚያም ግጥም ይጽፋል፣ ስቲቪ ራሷ ቆማ ተቀባይ ትሆንለታለች። ክሪስቲን ስለ አዲስ ፍቅረኛዋ ዘፈን ትጽፋለች፤ የቀድሞ ባሏ ቤዙን ይጫወትላታል። ስለ ማን ነው ሲላት ስለ ውሻዬ ነው አለችው። ይህን ሁሉ ችለው አንድም ሰው ሥራውን አላበላሸም። አንዱም ምት አልዛነፈም። ለእኔ ትልቅነት ማለት ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ እንደ ቤዝ ተጫዋች ላውራ። «ድሪምስ» ከሞላ ጎደል በሁለት ኮርድ ብቻ የሚሄድ ዘፈን ነው። ሁለት! ጊታር ቢሆን ኖሮ ማንም ሊጫወተው ይችላል። ጆን ማክቪ ግን እዚያ ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደሚጫወት ስሙ። ቦታ ይተዋል። ያ የተተወው ቦታ ነው የስቲቪን ድምፅ የሚሸከመው። እኔ ቤዝ መጫወት ስጀምር ጣቴ ያለማቋረጥ ይሮጥ ነበር። ዝም ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ዘ ቼይን»ስ? አምስቱም በደራሲነት የተመዘገቡበት የአልበሙ ብቸኛ ዘፈን ነው። ከተለያዩ ቁርጥራጮች ተቀጣጥሎ ነው የተሠራው። መሃል ላይ ሁሉ ነገር ጸጥ ይልና ቤዙ ብቻውን ይመጣል። ያንን ቦታ ስሰማ አሁንም ፀጉሬ ይቆማል።

ቴፑ ራሱ እየተደጋገመ ከመጫወቱ የተነሳ ተበልቶ ነበር። ሊያድኑት ወደ ሌላ ቅጂ መገልበጥ ግድ ሆነባቸው። አሜሪካ ውስጥ 31 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ላይ «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን ያሸነፈውም እሱ ነው፤ የአዳማው ልጅ አይከፋህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፣ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ስላልተነሳ ቅር ብሎኛል።

ድራመሩ የጻፈለት «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የሌድ ዜፕሊን ዘፈን አይደለም። የሜምፊስ ሚኒ እና የካንሳስ ጆ ማኮይ ነው። በ1929 ነው የተቀዳው። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ግድቡን ጥሶ መሬቱን ሁሉ ሲያጥለቀልቅ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ተፈናቀሉ፤ ግድቡ ላይ እንዲሠሩ የተገደዱም ነበሩ። ዘፈኑ የእነሱ ነው። አንዲት ጥቁር ሴት ጊታር ይዛ የተጫወተችው ሥራ እንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት ደረጃ ሥር እንደገና ተወለደ። ደስ ይበላችሁ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ስሟ ይነሳ።

አራተኛው አልበም ላይ ቢያንስ ስሟ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ግን «ሆል ሎታ ላቭ» በሚለው ዘፈናቸው ላይ የብሉዝ ደራሲው የዊሊ ዲክሰን ስም አልነበረም። በ1985 ከሶ ነው ከፍለው የተስማሙት። ሮሊንግ ስቶንስ ራሳቸው ስማቸውን የወሰዱት ከብሉዝ ዘፋኙ ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው። ስለዚህ «ክላሲክ ሮክ» ብለን አምስት ስንደረድር አራቱ የነጮች መሆናቸው ሊያሳስበን ይገባል ባይ ነኝ።

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 ባወጣው የ500 አልበሞች ዝርዝር «ሳርጀንት ፔፐር» አንደኛ ነበር። በ2020 ሲያሻሽለው የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አንደኛ ሆነ። «ሳርጀንት ፔፐር» ወደ 24ኛ ወረደ። «ፔት ሳውንድስ» ግን በሁለቱም ሁለተኛ ነው፤ ባለሸክላው ይህን ልብ በል። እዚህ አሜሪካ ሰው ሁሉ ሲነታረክበት ነበር። እኔ ደግሞ እሰየው ብያለሁ። ማርቪን ጌይ ወንድሙ ከቬትናም የተመለሰበትን ሁኔታ ይዞ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ አልበም ሠራ። ባለሸክላው ያወጣውን ደንብ እሱ ነው በሚገባ የሚያሟላው።

ባለሸክላው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ ሜምፊስ ሚኒ ያልሽው ትክክል ነው፣ አመሰግናለሁ። የሰማ ሁሉ የ1929ኙንም ፈልጎ ይስማው።

ማርቪን ጌይ ግን ሶል ነው። ትልቅነቱ ላይ ክርክር የለኝም። ይህ ክር ስለ ሮክ ነው። ሁሉን አንድ ላይ ካደረግነው የአሬታ ፍራንክሊንም፣ የስቲቪ ወንደርም ይመጣሉ፣ ማለቂያ አይኖረውም። ጂሚ ሄንድሪክስን አራተኛ ያደረግኩት ደግሞ ለኮታ አይደለም። «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» ላይ የቦብ ዲላንን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» ወስዶ ምን እንዳደረገው ታውቂያለሽ። ዲላን ራሱ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ሲጫወተው ወደ ሄንድሪክስ አካሄድ አዘነበለ። ደራሲው የሌላውን ቅጂ ሲከተል ስንት ጊዜ አይተናል?

እኛ ዘንድም ከአይቤክስ ባንድ እስከ ሮሃ ጊታር የተጫወተውን ሰላም ስዩምን የኢትዮጵያው ጂሚ ሄንድሪክስ ይሉታል። ሄንድሪክስ በሦስት የስቱዲዮ አልበሞች ብቻ እስከዚህ ድረስ ደረሰ። በ27 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ብዬ ማሰብ አልወድም፣ ግን አስባለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሶል ነው፣ ሮክ ነው ብሎ ድንበሩን ያሰመረው ማን ነው? ሸክላ ሻጮችና ሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ለጥቁሩ አንድ መደርደሪያ፣ ለነጩ ሌላ። ጥቁሩ ሮከር ቻክ ቤሪ በየትኛው መደርደሪያ ነበር? እዚህ ላይ አልለቅህም።

ቤዟ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ነኝ። የማርቪን ጌይ አልበም የርዕስ ዘፈን ላይ ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ነው። ፖል ማካርትኒ ራሱ ከእሱ እንደተማረ ይናገራል። ድንበሩ ሙዚቀኞቹ ዘንድ አልነበረም።

ከባድ ብረት

ይህን ሁሉ ጽፋችሁ ብላክ ሳባትን አንድም ሰው አላነሳም። በእውነት?

በርሚንግሃም። የፋብሪካ ከተማ። ቶኒ አዮሚ 17 ዓመቱ ነው፣ ብረት ፋብሪካ ይሠራል። ሥራውን ሊለቅ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያ እጅ ነው። ሐኪም ጊታር እርሳው አለው። እሱ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ክዳን ሠራ፣ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈ። ክሩ እንዳያመው ቀጭን አደረገው፣ በኋላም ቅኝቱን ዝቅ እያደረገ አላላው። ድምፁ ወፈረ፣ ጠቆረ። ሜታል የሚባለው ሙዚቃ በሙሉ ከዚያ ጣት ወጣ ብል አላጋነንኩም።

የመጀመሪያ አልበማቸው በአብዛኛው በአንድ ቀን ነው የተቀዳው። የቢትልሱ ወራት ፈጀ፣ የፍሊትውድ ማኩ ቴፕ እስኪበላ ተደጋገመ፤ እነዚህ ልጆች ግን ገብተው ተጫውተው ወጡ። «ፓራኖይድ» በዚያው ዓመት በ1970 ተከተለ። የመክፈቻው «ዋር ፒግስ» ድሃውን ጦርነት ልከው ራሳቸው ስለሚሸሸጉ ሹማምንት ነው። ይህን ሰምቶ ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው የሚል ሰው ግጥሙን አላነበበም።

ድምፃዊያቸው ኦዚ ኦስቦርን በሐምሌ 2025 አረፈ። ከማረፉ ከሳምንታት በፊት እዚያው በትውልድ ከተማው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ለመጨረሻ ጊዜ ዘፈነ። አራቱም የመጀመሪያዎቹ አባላት ነበሩ። ያን ቪዲዮ አይቶ ዓይኑ ያላቀረረ ካለ አላውቀውም።

የጎተራው ድራመር

ከባድ ብረት፣ ቢል ዋርድን እንዳትረሳ። ሰው ሁሉ ስለ አዮሚ ያወራል፤ የዋርድ ከበሮ ግን ጃዝ ነው። ያ ክብደት ያለ እሱ መወዛወዝ ድንጋይ ይሆን ነበር። «ፓራኖይድ»ን አራተኛ አስገባልኝ፣ ፈርሜያለሁ።

ጀማሪ ነኝ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም የምትሉትን አልበም ሰምቼ አላውቅም። በየትኛው ልጀምር? ሮክ ስሰማ ጩኸት ብቻ ይሆንብኛል። የምወደው ጥላሁንን፣ መሐሙድን ነው።

ቤዟ

እንኳን ደህና መጣህ! በ«ሩመርስ» ጀምር። ዜማው ግልጽ ነው፣ አንዱም አይጮህም። ከዚያ ወደ ቢትልስ «አቢ ሮድ» አልበም እለፍ፤ ሳይድ ቢን ሳትቆራርጥ።

የድሮ ሰው

ልጄ፣ መሐሙድን የወደደ ጆሮ ሮክ አያስፈራውም። ድምፃዊነት ከወደድክ በ«ፔት ሳውንድስ» ግባ። የቢች ቦይሱ ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር። ያንን ሁሉ የተደራረበ የተቀባይ ድምፅ በአንድ ጆሮ ነው ያቀናበረው፤ ያኔም በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ነው የወጣው። ቢትልሶች እሱን ሰምተው ነው ወደ «ሳርጀንት ፔፐር» የተነሱት። እሱ ደግሞ የተነሳው የእነሱን «ራበር ሶል» ሰምቶ ነው።

ከባድ ብረት

ጩኸት መሰለኝ ካልክ በእኛ አትጀምር፣ ትንሽ ቆይተህ ና። በሩ ክፍት ነው።

ከአቴንስ

ሮሊንግ ስቶንስን ለምን ዘላችኋቸው? «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» ድርብ አልበም ነው፣ 1972። ግብር ሸሽተው ከእንግሊዝ ወጥተው፣ ኪት ሪቻርድስ ደቡብ ፈረንሳይ በተከራየው ቤት ምድር ቤት ውስጥ አብዛኛውን ቀዱት። ሙቀቱና እርጥበቱ ጊታሩን ከቅኝት ያወጣዋል። ድምፁ ሁሉ የተደበላለቀ ነው። የሚክ ጃገር ድምፅ ከመሣሪያው ሥር ተቀብሯል። ግን ስደት ላይ ያለ ሰው ሲሰማው ይገባዋል። ቤት የሌለው ሙዚቃ ነው። ጎስፔሉ፣ ካንትሪው፣ ብሉዙ ሁሉ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተጨናንቆ አድሯል።

ባለሸክላው

ከአቴንስ፣ ስሜቱ ይገባኛል። ግን 18 ዘፈን ብዙ ነው። ከእሱ 11 ብቻ አስቀርቼ በአንድ ሸክላ ቢያወጡት ኖሮ አንደኛ ላደርገው እችል ነበር። ሦስተኛው ሳይድ ላይ ይላላል።

ከአቴንስ

ሦስተኛው ሳይድ? «ሃፒ»ን የሚጀምረው ሳይድ? የትኞቹን ሰባት እንደምታወጣ ስም ጠርተህ ጻፍ። አንዱንም ማውጣት አትችልም።

የድሮ ሰው

ባለሸክላው፣ አንድ ነገር ላስታውስህ። «ሳርጀንት ፔፐር»ን የሰማኸው በስቴሪዮ ከሆነ ሌላ ሥራ ነው የሰማኸው። ቢትልሶች ቁጭ ብለው ያቀላቀሉት ሞኖውን ነው። ስቴሪዮው በኋላ እነሱ በሌሉበት በጥድፊያ የተሠራ ነው። በሞኖው «ሺ ኢዝ ሊቪንግ ሆም» ፈጠን ይላል፣ መግቢያው ላይ ያለው ጊታርም ይበልጥ ይናከሳል። ሞኖውን ፈልገህ ስማና ተመልሰህ ና።

ባለሸክላው

ሞኖው አለኝ ጋሼ፣ ሰምቼዋለሁ። በእርግጥ ይሻላል። «ሪቮልቨር»ም በሞኖ አለኝ፤ እሱም ይሻላል። ስለዚህ ርቀታቸው አልተቀየረም።

ከአቴንስ፣ «ጀስት ዋና ሲ ሂዝ ፌስ»ን እና «ካሲኖ ቡጊ»ን አወጣለሁ። ቀሪዎቹን ነገ።

የጎተራው ድራመር

እናንተ ስትጨርሱ የመድረክ ቅጂዎችን ክር እኔ እከፍታለሁ። የዘ ሁ «ላይቭ አት ሊድስ» አንደኛ ነው፤ የካቲት 1970፣ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ ኪት ሙን ከበሮ ላይ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ክፈተው። ግን የኦልማን ብራዘርስ ፊልሞር ኢስት 1971 እያለ ዘ ሁ አንደኛ አይሆንም። ሁለት ከበሮ ተጫዋች አላቸው፣ አንተ ራስህ ድራመር ነህ።

ከአቴንስ

«ካሲኖ ቡጊ»ን ነካህ?